ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

ተረት፦ «ብሬከር አለው። ሰው ቢይዝም ወዲያው ይቆርጣል።»

ይህን መልስ በየጌም ቤቱ ሰምቼዋለሁ። በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች፣ ጆተኒ የሚሠራ አናጢና በርና መስኮት የሚበይድ ወጣት ሞልቶባቸዋል። እንዲህ ያለ እጅ ባለበት ቦታ የጌም ሳጥን መሥራት ከባድ አይደለም። ያገለገለ ኮምፒውተር፣ አንድ ስክሪን፣ ጆይስቲክ፣ ጥቂት ቁልፎችና ሁለት ስፒከር ከተገኙ የቀረው መቁረጥና መበየድ ነው። ልጆች ፊቱ ቆመው የሚጫወቱበት፣ አርኬድ የሚባለው ዓይነት ሳጥን ይወጣዋል። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ብዙ ወጣቶች ቢሠሩትም ደስ ይለኛል። «ኧርዝ፣ ከመሬት የሚያገናኘውን ሽቦ፣ አስራችሁለታል?» ብዬ ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። «ኧረ ብሬከር አለው!»

ብሬከር ሰው ለማዳን አልተሠራም። የተሠራው ሽቦ ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ነው። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት ነው። ቆዳው የረጠበ ሰው ከእጅ እስከ እግሩ ያለው ሬዚስታንስ 1,000 ኦም ነው እንበል። 220 ለ1,000 ሲካፈል 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊአምፔር ይሆናል። ሰው 1 ሚሊአምፔር ገደማ ሲያልፍበት ንዝረቱ ይሰማዋል። 10 አካባቢ ሲደርስ ጡንቻው ተጨብጦ የያዘውን ብረት መልቀቅ ያቅተዋል። ከ30 በላይ ሆኖ ከቆየ የልብ ምት ሊዛባና ልብ ደም መርጨት ሊያቆም ይችላል። 220 ሚሊአምፔር እንግዲህ ገዳይ መጠን ነው።

አሁን ወደ ብሬከሩ እንሂድ። ሶኬት መስመር ላይ የሚገጠመው አብዛኛውን ጊዜ የ16 አምፔር ነው፤ 16,000 ሚሊአምፔር ማለት ነው። በቅጽበት እንዲወርድ ደግሞ ከዚያ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ማለፍ አለበት። ኮረንቲ የያዘ ሳጥን በነካ ልጅ አካል የሚያልፈው 220 ሚሊአምፔር ለብሬከሩ የ50 ዋት አምፖል ከመብራቱ አይለይም። አምፖል በበራ ቁጥር የሚወርድ ብሬከር ማንም አይገዛም። ስለዚህ ልጁ ሳጥኑን እንደያዘ ይቀራል፤ ስክሪኑም መሥራቱን ይቀጥላል።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኮረንቲ የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል ሲነካኩ ብሬከሩ ጧ ብሎ ሲወርድ ያላየ የለም። ብዙ ቤትም ከእሳት ተርፎበታል። አንዱን አደጋ ሲመልስ ያየ ሰው ሌላውንም ይመልሳል ብሎ ቢያምን አልፈርድበትም። የምፈርደው «ባለሙያ ነኝ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ፣ የኧርዙን ሽቦ በጉጠት ቆርጦ ጥሎ፣ «ይሄ እንኳ ጌጥ ነው፤ ብሬከሩ ይበቃሃል» በሚለው ላይ ነው። ይህ ሰው ልዩነቱን የማወቅ ግዴታ አለበት።

ችግሩን እዚህ የሚያብሰው ሌላ ምክንያትም አለ። ልጆቻችን ሳጥን መሥራት የሚማሩት ከአሜሪካ ቪዲዮዎች ነው። እዚያ የሚሠራው ሳጥን የእንጨት ነው፤ ግድግዳቸው ላይ ያለው ሶኬት ሦስተኛ የኧርዝ ቀዳዳ አለው፤ ቮልታቸውም 120 ነው። ኧርዙ ድሮውኑ ስላለ ቪዲዮው ላይ ስሙን የሚያነሳ የለም። እኛ ጋ ግን ሳጥኑ እንዳይሰረቅና እንዳይሰበር በላሜራ ይሠራል፤ ሶኬቱ ባለሁለት ቀዳዳ ነው፤ ዲቫይደሩም ጎንና ጎን የሚነኩት የኧርዝ ብረቶች የሉትም። የኮምፒውተሩ ገመድ በውስጡ ሦስት ሽቦ ይዞ መጥቶ ዲቫይደሩ ላይ ሲደርስ ሦስተኛው መሄጃ ያጣል። በዚህ ላይ ክረምት ሲገባ ወለሉ እርጥብ፣ የልጆቹ እግር ጭቃ ነው። ያው ቪዲዮ፣ ያው ሳጥን ይመስላል፤ አደጋው ግን በፍጹም አንድ አይደለም።

በዚህ ዋና ተረት ሥር የተጠለሉ ሌሎች አሉ። የመጀመሪያው «ትንሽ ይነዝራል እንጂ አይገድልም» የሚለው ነው። ቡራዩ ውስጥ ልጆች የሳጥኑን ጥግ በእጃቸው ጀርባ እየነኩ ሲሳሳቁ አይቻለሁ፤ ባለቤቱም አብሯቸው ይስቃል። በዚያች ቀን ልክ ሊሆን ይችላል። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ከሁለቱም ሽቦ ወደ ብረቱ አካል ትንሽ ኮረንቲ ያሳልፋሉ። ኧርዝ ካለ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከሌለ ብረቱ 110 ቮልት ገደማ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። የሚያልፈው ኮረንቲ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይዝም። ግን ያ ንዝረት አንድ ነገር በእርግጠኝነት ይነግረናል፦ ሳጥኑ ኧርዝ የለውም። የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ስለት ነው። ገመዱ ጎማ ባልገባለት ቀዳዳ አልፎ፣ ልጆቹ ሳጥኑን በገፉትና በመቱት ቁጥር እየተፋቀ፣ አንድ ቀን የፌዙ መዳብ ብረቱን ይነካል። የዚያን ቀን ሳጥኑን የሚነካው ልጅ የሚጠብቀው የትናንቱን ንዝረት ነው። የሚያገኘው ግን 220 ቮልት ነው።

ሁለተኛው «ሶኬቱን ገልብጠህ ሰካው፤ ይተዋል» ነው። ይህን ምክር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፤ አንዳንዴም በእርግጥ ይሠራል። የሚሠራበት ምክንያት ግን ሊያስደነግጠን ይገባል። የተላጠው ሽቦ ብረቱን ነክቶ ሳለ ሶኬቱ ሲገለበጥ ያ ሽቦ ከፌዝ ወደ ኒውትራል ይቀየራል፤ ንዝረቱም ይጠፋል። ብልሽቱ ግን እዚያው ነው። በማግስቱ ወለል ያጸዳው ልጅ ሶኬቱን ነቅሎ በፊተኛው በኩል ሲመልሰው ሳጥኑ እንደገና ገዳይ ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፦ «ኧርዝ ከሌለህ ከኒውትራሉ ጋር እሰረው፤ ያው ነው።» ያው አይደለም። ኒውትራሉ ደህና እስካለ ድረስ ምንም አይሰማም። ግን ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ፣ ከቆጣሪ እስከ ሶኬት ባለው መንገድ አንዲት የኒውትራል መጋጠሚያ ብትላላ ወይም ብትበጠስ፣ ፌዙ በኮምፒውተሩ አልፎ በዚያችው ማሰሪያ ሳጥኑ ላይ ይወጣል። ሶኬቱ ከተገለበጠማ ምንም ሳይበጠስ ፌዙ በቀጥታ ብረቱ ላይ ነው። ይህን የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ መሣሪያውን ይዞ እንዲወጣ ንገሩት።

አራተኛውን የሚሉት ጥንቃቄ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ በአክብሮት እመልሳለሁ። «ብረት መሬት ውስጥ ቀብሬ በሽቦ አስሬያለሁ፤ አለቀ» ይላሉ። ጥሩ ጅምር ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የተቀበረው ብረት ከአፈሩ ጋር ያለው ሬዚስታንስ 50 ኦም ቢሆን፣ ፌዙ ሳጥኑን ሲነካ ወደ መሬት የሚወርደው 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው። የ16 አምፔሩ ብሬከር አሁንም አይወርድም፤ ሳጥኑም እንደተሞላ ይቀራል። አፈሩም ወቅት ያያል። ጥቁሩ መረሬ አፈር በክረምት ረጥቦ ኮረንቲ በደንብ ይቀበላል፤ በበጋ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። በነሐሴ ተለክቶ «ደህና ነው» የተባለ ኧርዝ በየካቲት ሌላ ነው።

የሚያድነው ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው፦ ኧርዝና አርሲዲ። አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ በፌዝ የሄደው ኮረንቲ በኒውትራል እኩል መመለሱን ያነጻጽራል። ልዩነቱ ወደ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ፣ ማለትም የሆነ ኮረንቲ በሌላ መንገድ ወደ መሬት እየሄደ ከሆነ፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ኧርዙ ካለ የፌዙ ሽቦ ብረቱን በነካባት ቅጽበት፣ ልጅ እጁን ሳያሳርፍ ይወርዳል። ኧርዙ ባይኖር እንኳ ሰው ሲነካ ይቆርጣል፤ ሰውየው ይደነግጣል፣ ግን የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው። አንድ እጅ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል ከያዘ ግን ልዩነት ስለማይኖር አርሲዲም አይረዳም፤ ስለዚህ ሳጥኑ ተከፍቶ ሲሠራ ሶኬቱ ይነቀል።

ስትገዙ ተጠንቀቁ። አርሲዲና ብሬከር መልካቸው ይቀራረባል፤ ሻጩም ሁሉንም «ብሬከር» እያለ ሊሰጣችሁ ይችላል። አርሲዲ ፊቱ ላይ «ቴስት» ወይም የላቲኑ «ቲ» ፊደል የተጻፈባት ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ አለችው፤ መጠኑም 30 ሚሊአምፔር ወይም 0.03 አምፔር ተብሎ ተጽፎበታል። 300 የተጻፈበት ለእሳት መከላከያ ነው፤ ለሰው አይሆንም። ሳጥኑ ላይ ደግሞ ባለሦስት ሽቦ ገመድ ይግባ። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ቀለሙ ተፍቆ በተራቆተ ብረት ላይ በብሎን ይጥበቅ፤ ቀለም ላይ የታሰረ ኧርዝ አልታሰረም። የሳጥኑ በር በማጠፊያው ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ለእሱም የራሱ ሽቦ ይሠራለት። ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ጎማ ይደረግ። ዲቫይደሩም የኧርዝ ብረት ያለው ይሁን።

የቀሩትን ተረቶች በአጭሩ ላንሳ።

«ስታቢላይዘር አለኝ።» ስታቢላይዘር መብራቱ ከፍና ዝቅ ሲል ዕቃውን ይጠብቃል። የተለመዱት ዓይነቶች ፌዙን ከመሬት አይለዩትም፤ ስለዚህ ለሰው ምንም አያደርጉም።

«ከሶኬት ከተነቀለ ምንም የለበትም።» ለድሮው ባለጀርባ ቴሌቪዥን ይህ ሐሰት ነው። የባለቀለሙ ቲዩብ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሠራል፤ ከተነቀለ በኋላም ክፍያውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ምናለሽ ተራ በርካሽ ተገኘ ብላችሁ ጀርባውን አትክፈቱ። ጠፍጣፋ ስክሪን ውሰዱ፤ ይቀላል፣ መብራትም ይቆጥባል።

«ሱሉልታ ብርድ ነው፤ የአየር ቀዳዳ አያስፈልገውም።» ብርዱ ይረዳል፤ አየሩ ግን ስስ ነው። ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳል። ብዙ የቻይና ቻርጀሮችና ፓወር ሰፕላዮች ላይ ተራራ ያለበትና «2000» የተጻፈበት ምልክት አለ፤ ከ2,000 ሜትር በታች እንዲሠሩ ብቻ ተፈትሸዋል ማለት ነው። አዲስ አበባም ሦስቱም ከተሞች ከዚያ በላይ ናቸው። ከታች አየር ማስገቢያ፣ ከላይ ማስወጫና ማራገቢያ ይኑረው፤ የልጅ ጣት እንዳይገባበትም በወንፊት ይሸፈን።

«ቺፑድ ይበቃል።» ከእርጥብ ወለል እስከተለየ ድረስ። እግሩ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ካበጠም አይመለስም። ከሥር የብረት እግር ወይም ኮምፔርሳቶ አድርጉ።

«አዲስ ኮምፒውተር ካልሆነ አይቻልም።» እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ፓክማን ይሠራ የነበረው 3 ሜጋኸርዝ ገደማ ፍጥነት ባለው ፕሮሰሰር ነው። ማንም የማይፈልገው የቢሮ ኮምፒውተር ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ተርፎ ይፈሳል። ገንዘባችሁን ለጆይስቲክና ለቁልፍ አውሉት፤ የሚበላሸው እሱ ነው።

«ጌም የነካ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ ይሆናል።» የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን አካቷል። ነገር ግን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት መታየቱን፣ ትምህርትን፣ ሥራንና የቤተሰብ ኑሮን በግልጽ መጉዳቱን ይጠይቃል። ከትምህርት ቀርቶ ጌም ቤት የሚውል ልጅ ያላቸው ወላጆች ሥጋታቸው እውነት ነው። ቅዳሜ አንድ ሰዓት የተጫወተውን ግን በዚያ ስም መጥራት ልክ አይደለም።

ጌም ቤት ያላችሁ፣ ሳጥን እየሠራችሁ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ እዚያ የሚውሉ ወላጆች፦ የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ተጫኑ። ከተጫነች በኋላ መብራቱ ካልጠፋ፣ ወይም ከናካቴው እንዲህ ያለ ቁልፍ በቤቱ ከሌለ፣ የብረቱን ሳጥን ከሶኬት ንቀሉትና እስኪስተካከል ድረስ ልጅ አታስነኩት።