የጀርባ አጥንት መጣመም፦ ቀዶ ጥገናውና ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት

አዘጋጅ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

በዚህ እትም «ጤናችን» በሚለው አምድ ስለ ስኮሊዮሲስ፣ ማለትም ስለ ጀርባ አጥንት መጣመም እጽፍላችኋለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ታላቅ እህቴ ባለፈው ዓመት በ15 ዓመቷ ቀዶ ጥገና ስለተደረገላት ነው። ከመጻፌ በፊት ፈቃዷን ጠይቄያት ነበር። «ጻፊው፤ ግን ልጆቹን አታስፈራሪያቸው፣ ደግሞም አትዋሺያቸው» አለችኝ። እኔም እንደዚያው ለማድረግ ሞክሬያለሁ። መልካም ንባብ!

1. ስኮሊዮሲስ ምንድን ነው?

የጀርባ አጥንታችን አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ ደግሞ 5 አሉ። በመሃላቸው ከአንጎል የሚወርደው ህብለ ሰረሰር ያልፋል። እግራችንን የምናንቀሳቅሰው በእሱ በሚተላለፍ መልእክት ነው።

ጤነኛ ጀርባ ከኋላ ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ስኮሊዮሲስ ያለበት ጀርባ ግን ወደ ጎን ይጣመማል፣ አጥንቶቹም እንደ መዞር ይላሉ። ስለዚህ አንደኛው ትከሻ ከፍ ይላል ወይም አንደኛው የጎድን አጥንት ወደ ኋላ ወጣ ይላል።

የመጣመሙ መጠን የሚለካው በራጅ ፎቶ ላይ በዲግሪ ነው። ዲግሪ ስላችሁ የዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በፕሮትራክተር የምንለካው ነው። 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል። እህቴ ቀዶ ጥገና ሲደረግላት 58 ዲግሪ ደርሶ ነበር።

2. ምክንያቱ ምንድን ነው?

በእኛ እድሜ ያሉ ልጆች ላይ የሚታየው አብዛኛው ስኮሊዮሲስ ምክንያቱ አልታወቀም። በዘር የመምጣት ነገር ግን አለው። ብዙ ጊዜ የሚብሰው ልጆች በፍጥነት በሚያድጉበት ጊዜ ነው፣ ከ10 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከባድ ደረጃ ላይ የሚደርሰውም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ሲወለዱ ጀምሮ የሚኖርም አለ፤ ከጡንቻና ከነርቭ በሽታ ጋር የሚመጣም አለ።

በሰፈር የሚወራው ግን ሌላ ነው። ቦርሳ ስለከበዳት ነው፣ ተጣማ ስለምትቀመጥ ነው፣ ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው ይባላል። ቦርሳ ሲከብድ ጀርባ ያማል እንጂ ስኮሊዮሲስ አያመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብሯችሁ ዴስክ ላይ ቢቀመጥ ምንም አትሆኑም።

አንድ ነገር ግን ለዩ። የጀርባ አጥንት ቲቢም ጀርባን ያጎብጣል። እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ የራሱ መድኃኒት አለው። ጀርባው ጎበጥ ያለበት ልጅ ቶሎ ሐኪም ቤት መሄድ ያለበት ለዚህም ጭምር ነው። ፀበል መሄድም ዱአ ማድረግም ይቻላል፣ ራጁ ግን መቅረት የለበትም። ወጌሻ ጋ ሄዶ ጀርባን ማሳሸት ወይም ማስጎተት አጥንቱን አያቃናም፤ በተለይ ቲቢ ከሆነ አደገኛ ነው።

3. ሁሉም ሰው ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም! ብዙ ልጆች ያላቸው ትንሽ ጥመት ነው። ሐኪሙ በየጥቂት ወሩ እያየ ይከታተላቸዋል። ወደ 25 ዲግሪ የደረሰና ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ብሬስ የሚባል ደረትና ወገብ ላይ የሚታሰር መደገፊያ ሊታዘዝለት ይችላል። ብሬሱ ሥራው እንዳይብስ መያዝ ነው። ከ45 ወይም ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሐኪሞች ስለ ቀዶ ጥገና ያወራሉ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ጥመት ካደጉ በኋላም ሊጨምር ይችላል። በጣም ሲከፋ ደግሞ ሳንባ ቦታ ያጣና መተንፈስ ያስቸግራል።

4. በቀዶ ጥገናው ቀን ምን ይደረጋል?

ከቀኑ በፊት ራጅ፣ የደም ምርመራ፣ አንዳንዴም ኤምአርአይ ይደረጋል። የሳንባና የልብ ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል። ደም ሊያስፈልግ ስለሚችል አስቀድሞ ይዘጋጃል። ለእህቴ አጎታችን ደም ሰጥቷል። እኛ 18 ዓመት ስላልሞላን መስጠት አንችልም፣ ለቤተሰቦቻችን ግን መንገር እንችላለን። ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ሌሊት ምግብ አይበላም።

ከዚያ ማደንዘዣ ይሰጣል። እህቴ «አንድ፣ ሁለት ብዬ ሦስትን አላስታውስም» ትላለች። ሥራው ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ለቤተሰብ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ጥበቃ ነው። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ ነው የዋለችው።

ታካሚዋ በሆዷ ትተኛለች። ሐኪሙ ጀርባዋን መሃል ለመሃል ይከፍትና በተጣመሙት አጥንቶች ውስጥ ብሎኖች ያስገባል። ብሎኖቹን በሁለት ዘንጎች ያያይዝና ቀስ እያለ ያቃናቸዋል። በመጨረሻ አጥንቶቹ ላይ የተሰባበረ አጥንት ያደርግበታል። ይህ አጥንት እያደገ ሄዶ የተለያዩትን አጥንቶች አንድ ያደርጋቸዋል።

ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ የቀረውን ሁሉ የሚያስረዳው እሱ ነው። ቤት ሲሠራ ኮንክሪት እስኪደርቅ ድረስ አጣናና ጣውላ ይደግፈዋል አይደል? ዘንጎቹም እንደ አጣናው ናቸው። ዋናው አጥንቱ መድረቁ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። ልዩነቱ አጣናው በኋላ ይነሳል፣ ዘንጉ ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀመጣል።

«ህብለ ሰረሰሩ ቢነካስ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይህ አደጋ አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ለዚህም በሥራው መሃል ከአንጎል ወደ እግር የሚሄደውን መልእክት በማሽን ይከታተላሉ። አንዳንድ ቦታም ታካሚውን ለአጭር ጊዜ ቀስቅሰው «የእግርህን ጣት አንቀሳቅስ» ይሉታል። ብዙዎቹ በኋላ አያስታውሱትም። ሌላው የሚፈራው የቁስል መመርቀዝ ነው።

5. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

እህቴ አትዋሺያቸው ብላኛለችና፣ ያማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው። ስትነቃ ክንዷ ላይ ግሉኮስ፣ የሽንት ቱቦና ሌላም ቱቦ ነበራት። በሆዷ ብዙ ስለቆየች ፊቷ አብጦ ነበር። ያስመልሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። መድኃኒቱ ሆድ ስለሚያደርቅ ውሃ፣ ሾርባና አትክልት ያስፈልጋል። ያመመው ሰው ጀግና ለመባል ዝም ማለት የለበትም። ማስታገሻው በሰዓቱ ሲወሰድ መተንፈስም መነሳትም ይቀላል።

በጣም የገረመኝ ደግሞ በማግስቱ መቀመጣቸው ነው። በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ቀን ባለሙያዎች ደግፈው ያስቆማሉ፣ ያራምዳሉ። መገላበጥም በዘዴ ነው፤ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ፣ እንደ ግንድ። ሲስተሯ «ወገብሽን አትጠምዝዢ፣ እንደ ግንድ ተንከባለይ» ስትላት እህቴ መሳቅ አማራት፣ ግን መሳቅም ያማል። ብዙዎቹ በሳምንት ገደማ ከሆስፒታል ይወጣሉ።

እናቴ «ኦፕራሲዮኑ አለፈ፣ ተመስገን» አለች። እኔ ግን ዋናው ገና እንደሚጀምር ያወቅኩት ቤት ስንገባ ነው።

6. ቤት ከገቡ በኋላ

ሐኪሙ ሦስት ክልከላ ሰጥቷት ነበር፦ አትጎንበሺ፣ ከባድ አታንሺ፣ ወገብሽን አትጠምዝዢ። በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነው። በእኛ አገር ቤት ውስጥ ግን ስንቱ ሥራ በመጎንበስ እንደሚሠራ አስቡት! ልብስ ማጠብ፣ ቤት መጥረግ፣ እንጀራ መጋገር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ ጀሪካን ማንሳት። ይህ ሁሉ ለወራት ተከልክሏል። የእሷን ሥራ እኔና ወንድሜ ተካፈልነው። (ወንድሜ ቤት መጥረግ የለመደው ያኔ ነው።) ስግደትና ሶላትም መጎንበስ ስላለባቸው መቼ መጀመር እንደሚቻል ሐኪም ይጠየቃል።

ቀድመው ቢዘጋጁ የሚጠቅሙ ነገሮች፦
ሀ. መሬት ላይ ከተነጠፈ ፍራሽ መነሳት ይከብዳል። ከፍ ያለ አልጋ ቢገኝ ጥሩ ነው።
ለ. ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ያስቸግራል። አባቴ መሃሏ የተቀደደ የእንጨት ወንበር አሠራላት።
ሐ. የምትፈልገው ዕቃ ሁሉ ወገቧ ከፍታ ላይ ይቀመጥ።
መ. ኮብልስቶን ላይ ባጃጅ ያንገጫግጫል። ለቀጠሮ ሲኬድ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ይፈለግ።
ሠ. ቁስሉ እስኪድን ሐኪሙ ሳይፈቅድ ውሃ አይነካው።

ጠያቂ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ያ ደስ ይላል። «ብረት ውስጥሽ አለ አሉ፣ እውነት ነው? አሳዪኝ» ሲሉ ግን አያስደስትም። በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ያለ ምክንያት ታለቅስ ነበር። ሐኪሙ በብዙዎች ላይ የሚታይና ብዙውን ጊዜ የሚያልፍ መሆኑን ነግሮናል። ብቻዋን አለመተው ነው መፍትሔው።

የጊዜው ሁኔታ ባጭሩ (እንደ ሰውና እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ይለያያል)
• 1ኛ–2ኛ ቀን፦ መቀመጥ፣ መቆም
• 1 ሳምንት ገደማ፦ ወደ ቤት
• ከ3 እስከ 6 ሳምንት፦ ቀስ በቀስ ወደ ትምህርት ቤት
• 3 ወር ገደማ፦ ቀላል እንቅስቃሴ መጨመር
• ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፦ ሐኪሙ ራጅ አይቶ ሲፈቅድ ስፖርት

ቶሎ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች፦ ትኩሳት፣ ከቁስሉ ፈሳሽ ወይም መግል መውጣት፣ ቁስሉ መቅላትና ማበጥ፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መስነፍ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ። በእነዚህ ቀጠሮ አይጠበቅም።

7. በብዛት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀርባው ፍጹም ቀጥ ይላል? ሁልጊዜ አይደለም። የእህቴ ከ58 ወደ 20 ዲግሪ ወርዷል። ዋናው ዓላማ እንዳይብስ ማቆም ነው።

ቁመት ይጨምራል? አዎ፣ የታጠፈው ስለሚዘረጋ ትንሽ ይጨምራል። እህቴ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ረዝማ የደንብ ልብሷ አጥሮባታል።

ከዳነች በኋላ መጎንበስ ትችላለች? አዎ፣ ከዳሌና ከጉልበት። የተያያዘው የጀርባ ክፍል ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም።

ወደፊት ልጅ መውለድ ትችላለች? አብዛኞቹ ይችላሉ፤ ለሐኪሟ መንገር ብቻ ነው።

8. ይህን ያውቃሉ?

• የ100 ሜትር የዓለም ሪከርድ ባለቤት ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት ስኮሊዮሲስ አለበት። 9.58 ሰከንድ የሮጠው ከነጥመቱ ነው።
• የእንግሊዟ ልዕልት ዩጂኒ በ12 ዓመቷ ይህ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስታገባ ጠባሳዋ እንዲታይ ጀርባው ክፍት የሆነ ቬሎ ለብሳለች።
• በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የኖሩት አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ ጀርባቸው በጣም የተጣመመ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ለቀዶ ጥገና ወደ ጋና ልከዋል። እዚያ ያለውን ፎኮስ የተባለ ሆስፒታል የመሠረቱት ጋናዊው የጀርባ አጥንት ሐኪም ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ ናቸው።

9. እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ?

እህቴ ትምህርት ቤት ስትመለስ በጣም የፈራችው ሒሳብ አይደለም፤ በእረፍት ሰዓት መገፋትን ነው። ኮንክሪት ሳይደርቅ የሚረግጠው የለም አይደል? ስለዚህ፦
1ኛ. ቦርሳዋን ያዙላት። መጽሐፍ ከመሬት አንሱላት።
2ኛ. ደረጃና በር ላይ አትጋፉ። ከኋላ መጥታችሁ ጀርባዋን መታ አታድርጉ፣ ሰላምታም ቢሆን።
3ኛ. ሰልፍ ላይ ብዙ መቆም ካቃታት ትቀመጥ፤ መቀመጥ ከሰለቻትም በክፍለ ጊዜው መሃል ተነስታ ትቁም። መምህሮቻችንም ይህን ቢፈቅዱልን።
4ኛ. ያመለጣትን ደብተር ገልብጡላት።
5ኛ. «ጎባጣ» የሚለውን ስም ተዉት። እህቴ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በሙቀት ሹራብ ትለብስ የነበረው በዚህ ስም ምክንያት ነው። ሹራቡ ደግሞ ጥመቱን ከእናታችንም ደበቀው። አያችሁ፣ ስድብ ሰውን ማሳዘን ብቻ ሳይሆን ሕክምናም ያዘገያል።

በመጨረሻም ዛሬ ቤት ስትገቡ ይህን ሞክሩ። ጫማ አውልቃችሁ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ፣ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ፣ ሁለት መዳፋችሁን ገጥማችሁ ወደ ፊት አጎንብሱ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከኋላ ይዩአችሁ። አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ ሐኪም ቤት ሂዱ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ብርም አያስከፍልም። በጊዜ የታየ ጥመት በክትትል ወይም በብሬስ ሊያልፍ ይችላል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውም ቢሆን አሁን ምን እንደሚጠብቀው አውቋል፦ ጥቂት ከባድ ቀናት፣ አንድ የጥንቃቄ ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ረጅም ዕድሜ።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃኝ። ጥያቄ ያላችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ የጥያቄ ሳጥን ውስጥ አስገቡልኝ፤ ከሳይንስ መምህራችን ጋር ሆነን በሚቀጥለው እትም እንመልሳለን። ሰላም ቆዩ!