የማትሪክ ነጥብና የገበሬ ልጅ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የገበሬ ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ ጎረቤት ሁሉ «ስንት አመጣ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠየቀው ስለ ማትሪክ ነው። ለመሆኑ ማትሪክ ምንድን ነው? ነጥብስ ማለት ምን ማለት ነው?

ማትሪክ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሰጥ ፈተና ነው። ጎጃም ላለውም ሐረር ላለውም፣ ለሀብታም ልጅም ለድሃ ልጅም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። እህልን ሁሉ በአንድ ቁና እንደ መስፈር ማለት ነው። ቁናው ከተጭበረበረ ገበያው እንደሚበላሽ፣ ፈተናም ከተሰረቀ ዋጋ የለውም። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ስለ ወጣ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እየበሉና እያደሩ የተፈተኑትም ስርቆትን ለመከላከል ነው።

ድሮ ውጤቱ በፊደል ይሰጥ ነበር። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነው። የአምስት ትምህርት ነጥብ ይደመርና ለአምስት ይካፈላል። አንድ ልጅ አንድ ኤ፣ ሦስት ቢና አንድ ሲ ቢያመጣ፣ 4 + 3 + 3 + 3 + 2 = 15 ይሆናል። 15 ለ5 ሲካፈል 3 ነው። እናንተም በደብተራችሁ ሞክሩት። ይህ አቆጣጠር ቀርቷል። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ በቀጥታ ለመግባት ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መቶ ተማሪዎች ውስጥ ሃምሳን ያገኙት ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015ም እንደዚያው ሆነ። በ2016 ወደ አምስት ከፍ አለ። ከወደቁት መካከል የተሻሉት ማካካሻ ትምህርት እንዲማሩ ተፈቀደላቸው።

ነጥብ ያመጣ ልጅ ታዲያ ምን ያገኛል? አሜሪካ አገር ኮሌጅ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በፈተና ጥሩ ነጥብ ላመጣ ልጅ አንዳንዱ ኮሌጅ ክፍያውን ይቀንስለታል ወይም ጨርሶ ይተውለታል። ይህ ስኮላርሺፕ ይባላል። በእኛ አገር ግን ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፑ ነጥቡ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። በንጉሡም በደርግም ጊዜ የቀን ተማሪ ክፍያ አይጠየቅም ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወጪ መጋራት የሚባል ደንብ መጣ። በደንቡ ተማሪው ውል ይፈርማል እንጂ ሲገባ ገንዘብ አይቆጥርም። ከማስተማሪያው ወጪ ከመቶ 15 እጁን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ቀስ በቀስ ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ አባት ይደናገጣል። ወረቀቱ የሚፈረመው በልጁ ዕዳ ነው፤ በሬ የሚያሸጥ አይደለም።

በሬ የሚያሸጠው ከፈተናው በፊት ያለው ነው። ልጁ ከተማ ቤት ይከራያል። ቅዳሜ አገሩ ሄዶ ስንቁን፣ እንጀራውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሴቷ ልጅ አገር ቤት ስትመጣ ውኃ መቅዳቱና ወፍጮው ይጠብቃታል። የከተማው ልጅ በዚያ ሰዓት አስጠኚ አለው። ቁናው አንድ ነው፣ ማሳው ግን አንድ አይደለም። ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሒሳቡም ሳይቀር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ለፈተና ሳይቀርብ የቀረው ልጅ ብዙ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም. ፈተናው የተሰጠው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ይህ ወር ማሳ የሚለሰልስበት፣ ጤፍ የሚዘራበት ነው። ጠዋት ሞፈር ይዞ የዋለ ልጅ ማታ በኩራዝ ቢያነብ እንቅልፍ ይጥለዋል። ጎረቤት ተስማምቶ የተፈታኙን ቤት እርሻ ሁለት ሦስት ቀን በደቦ ቢያርስለት፣ ወይም አባትየው በወንፈል ቢጨርሰው፣ ልጁ ከግንቦት ጀምሮ ደብተሩን ይዞ መቀመጥ ይችላል።