እንቁላል፦ ጥሬውን ወይስ አብስለን?

የዚህ ወር ርዕሳችንን የሰጠችን አንዲት እህታችን ናት። የአሥራ አራት ወር ልጇ ሳል ይዞት ከከረመ በኋላ ከስቶባታል፤ ምግብም አልወስድ ብሏል። እናቷ ታዲያ «ጥሬ እንቁላል በወተት መትተሽ አጠጪው፤ ከበሰለማ ኃይሉ ይሞታል» ብለዋት ሁለት ቀን ሰጥታዋለች። «እናቴን ማስከፋት አልፈልግም፤ ግን ልቀጥል ወይስ ልተው?» ስትል ትጠይቃለች።

መልሱን ሳናዘገይ እንስጥ። እንቁላሉን አትተዪ፤ ጥሬ መስጠቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ምክንያቱን ደግሞ ለእናትሽ ማስረዳት እንድትችዪ ነገሩን ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

«ጥሬው ይበልጣል» የሚለው እምነት በእኛ አገር ሥር የሰደደ ነው። ለታመመ፣ ለአራስና አቅም ላነሰው ሁሉ ይታዘዛል። ስፖርት ቤት የሚመላለሱ ወጣቶቻችን ጡንቻ ይገነባል ብለው ጠዋት ጠዋት ሦስትና አራት ይጨልጣሉ። ይህ እንኳ የውጭ ፊልም ውርስ ሳይሆን አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ሮኪ» ፊልም ላይ ቦክሰኛው አምስት ጥሬ እንቁላል በብርጭቆ ሰብሮ ሲጠጣ ያላየ ወጣት ጥቂት ነው። መንዙማና ነሺዳ የሚያቀርቡ ወንድሞችም ድምፅ ያጠራል ብለው የሚውጡ አሉ። ስለዚህኛው በአጭሩ እንበል፦ የዋጥነው ነገር የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ነው። የድምፅ አውታሮች ያሉት ደግሞ በአየር ቧንቧ አናት ላይ ነው። እንቁላሉ እነርሱን ከነካ ሰውየው ይታነቃል እንጂ ድምፁ አይጠራም። ለብ ያለ ውሃ ይሻለዋል።

ሌሎች ደግሞ ነገሩን ከዲን ጋር ያያይዙታል። አንድ ነቢይ ስለ ድካማቸው ለአላህ ስሞታ አቅርበው እንቁላል እንዲበሉ ታዘዙ የሚል ዘገባ በየአጋጣሚው ሲጠቀስ እንሰማለን። ዘገባውን ኢማም አል-በይሀቂ «ሹዐቡል ኢማን» ላይ አስፍረውታል፤ ኢማም ኢብኑል ቀይም ግን «ዛዱል መዓድ» በተሰኘው ኪታባቸው ጠቅሰውት ትክክለኛነቱ አጠያያቂ መሆኑን አመልክተዋል። ደግሞም ዘገባው እንቁላል ስለመብላት እንጂ ጥሬውን ስለመጠጣት አይናገርም። ሐኪሙ ኢብን ሲናም ቢሆን «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ያወደሰው ጥሬውን ሳይሆን አስኳሉ ሳይደርቅ በከፊል የበሰለውን ነው።

ሰውነታችን የሚጠቀመው ምን ያህሉን ነው?

መካከለኛ መጠን ያለው፣ 50 ግራም ገደማ የሚመዝን እንቁላል ወደ 6 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲንና 5 ግራም ያህል ስብ ይዟል፤ የሚሰጠው ኃይልም 70 ካሎሪ ገደማ ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፣ ሴሌኒየም፣ እንዲሁም ለሕፃናት አንጎል ዕድገት የሚያስፈልገው ኮሊን በውስጡ ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያሉት በአስኳሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ አስኳሉን ጥለው ነጩን ብቻ የሚጠጡ ስፖርተኞች የተሻለውን ክፍል እየጣሉ መሆናቸውን ቢያውቁት መልካም ነው።

ጥሬውም ሆነ የበሰለው ይህን ሁሉ ይዟል። ልዩነቱ የሚታየው ከሆድ ከገባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። በቀዶ ሕክምና የትንሹ አንጀታቸው ጫፍ በሆዳቸው ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ የተከፈተላቸውን አምስት ሰዎች አንድ ጊዜ የበሰለ፣ ሌላ ጊዜ ጥሬ እንቁላል አበሏቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች የተመረጡት ሳይፈጭ የቀረውን ምግብ ትልቁ አንጀት ሳይደርስ መለካት ስለሚቻል ነው። ከበሰለው እንቁላል ፕሮቲን ሰውነታቸው የተጠቀመው 91 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከጥሬው ግን 51 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት እነዚሁ ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰዎች ላይ ባደረጉት ሌላ ጥናት ከበሰለው ሳይፈጭ ያለፈው 6 በመቶ ያህል፣ ከጥሬው ግን 35 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ።

እስቲ በገበያ ቋንቋ እናስላው። ሦስት ጥሬ እንቁላል የጠጣ ወጣት 18 ግራም ፕሮቲን ወደ ሆዱ አስገባ። በመጀመሪያው ጥናት ስሌት የሚጠቀመው 9 ግራም ገደማውን ነው። ሁለት እንቁላል ቀቅሎ የበላው ጓደኛው ደግሞ ካስገባው 12 ግራም 11 ያህሉን ይጠቀማል። ለወጣቱ አድልተን በሁለተኛው ጥናት ብናሰላው እንኳ ሁለቱ ቢበዛ እኩል ይሆናሉ። የእንቁላል ዋጋ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ አንዱን በየቀኑ መጣል ነው።

ሙቀት ምን አድርጎ ነው ይህን ልዩነት የሚያመጣው? ጥሬ ፕሮቲን እንደተጠቀለለ የክር ኳስ ነው፤ ክሩ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ስለተያያዘ የሆድ መፍጫ ፈሳሾች ወደ ውስጥ ሊገቡ ይቸገራሉ። ሙቀት ኳሱን ይፈታዋል። ጥርት ያለው የእንቁላል ነጭ በምጣድ ላይ ሲነጣና ሲጠጥር የምናየው ይኸው ሲሆን ነው። በተጨማሪም ነጩ ውስጥ ፕሮቲን ፈጪውን ፈሳሽ ሥራውን የሚያግዱ ነገሮች ስላሉ፣ ሙቀት እነርሱንም ያዳክማቸዋል። ስለዚህ «ሲበስል ኃይሉ ይሞታል» የተባለው ነገር ተገላቢጦሹ ነው።

መብሰል ጨርሶ ምንም አያጎድልም ማለታችን አይደለም። ከቢ ቫይታሚኖች ጥቂቱ ይቀንሳል፤ በምድጃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲጋገር ደግሞ ከቫይታሚን ዲ ብዙው ይጠፋል። በአጭር ጊዜ መቀቀልና መጥበስ የሚያጠፋው ግን ትንሽ ነው።

ስለ ባዮቲንም መናገር ያስፈልጋል፤ ይህ ለቆዳና ለፀጉር ጤና የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው። ጥሬ የእንቁላል ነጭ ውስጥ አቪዲን የተባለ ፕሮቲን አለ። ባዮቲንን አጥብቆ ይይዝና አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1927 ማርጋሬት ቦአስ የተባለች ተመራማሪ ጥሬ የእንቁላል ነጭ የተመገቡ አይጦች ቆዳቸው ታሞ ፀጉራቸው ሲረግፍ አስተዋለች። በ1942 ደግሞ በአሜሪካ ፈቃደኛ ሰዎች ለሳምንታት ጥሬ ነጭ በብዛት እንዲመገቡ ተደርጎ ቆዳቸው ተቀርፍፎ፣ ጡንቻቸውን አሟቸው፣ ድካምና የስሜት መዋዠቅ ታይቶባቸዋል፤ ባዮቲን ሲሰጣቸው ዳኑ። አንድ ቀን አንድ ጥሬ እንቁላል የጠጣ ሰው ይህ አይደርስበትም፤ ማስፈራራት አንፈልግም። በየቀኑ አራትና አምስት ለወራት የሚጨልጠው ግን ሊያስብበት ይገባል።

ከእንቁላሉ ጋር የሚገባው ጀርም

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ብዙዎቻችን በስሙ የምናውቀው ታይፎይድም ከዚሁ ወገን በሆነ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ የታይፎይዱ ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን በዶሮና በእንቁላል የሚመጡት ሌሎች ዓይነቶች ናቸው። ባክቴሪያው በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው ከዶሮዋ ኩስ በቅርፊቱ ላይ ተለጥፎ ነው። ቅርፊቱ ለዓይን የማይታዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ዶሮዋ ራሷ ከተያዘች እንቁላሉ ቅርፊት ሳያበጅ ገና በሆዷ ሳለ ባክቴሪያው ውስጡ ይገባል። እንዲህ ያለው እንቁላል ንጹሕ ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ አይሸትም። የአበሻ ዶሮ እንቁላል መሆኑም ዋስትና አይሰጥም። የአስኳሉ ብጫነት የመኖዋ ውጤት እንጂ የጤንነቷ ምስክር አይደለም።

በባክቴሪያው የተያዘ ሰው ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳትና ማስመለስ ይጀምረዋል። ጤነኛ ጎልማሳ ከጥቂት ቀናት ስቃይ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ አዛውንቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና በሽታ የመከላከል አቅማቸው በሕመም የተዳከመ ሰዎች ግን ውሃቸው ቶሎ ያልቃል፤ ባክቴሪያው ወደ ደማቸው ገብቶ ለሞትም ሊያደርሳቸው ይችላል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ጥሬ እንቁላል በየቤቱ የሚታዘዘው ለማን ነው? ለታመመው፣ ለከሳው ሕፃን፣ ለደከሙት አዛውንት አይደለምን?

«እንግሊዝ ያለው ወንድሜ ጥሬውን ይበላል፣ ሐኪሞቹም ፈቅደዋል» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ የእንቁላልና የሳልሞኔላ ጉዳይ ባስነሳው ውዝግብ አንዲት የጤና ምክትል ሚኒስትር ሥልጣናቸውን እስከመልቀቅ ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ዶሮዎችን መከተብ ተጀመረ፤ ከ1998 ወዲህም የአንበሳ ማኅተም ያለው እንቁላል ከተከተቡ ዶሮዎች የሚገኝ ሆነ። በ2017 የአገሩ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ይህን ማኅተም የያዘውን እንቁላል ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ጭምር ጥሬውን ወይም በከፊል የበሰለውን ሊበሉት እንደሚችሉ አስታወቀ። ፈቃዱ የተሰጠው ለማኅተሙ ነው። እኛ ከሱቅም ሆነ ከገበያ የምንገዛው እንቁላል እንዲህ ያለ ማኅተም ስለሌለው ምክሩ በስልክ ወደ እኛ ሊሻገር አይችልም።

በማእድ ቤት

ሳልሞኔላ በሙቀት ይሞታል። የእንቁላል ምግብ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በቂ ነው። ቴርሞሜትር ለሌለን ምልክቱ ቀላል ነው፦ ነጩም አስኳሉም ጠጥሮ ፈሳሽ ነገር ሳይቀር። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ የምትኖሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀርሙን ለመግደል ይበቃል፤ እንቁላሉ ግን ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ከጅዳ ወይም ከጅቡቲ የመጣች እህት «እዚያ የማውቀው ደቂቃ እዚህ አልሠራልኝም» ብትል ትክክል ናት። ውሃው ከፈላ በኋላ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ስጡት። ከዚያ በላይ ሲቆይ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ መሰል ቀለበት ይወጣል፤ ከብረትና ከድኝ ውህደት የሚመጣ ስለሆነ ጉዳት የለውም።

እንቁላል ገዝታችሁ እንደገባችሁ አጥባችሁ አታስቀምጡ። ተፈጥሯዊ መከላከያ ሽፋኑ ይነሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃም በቅርፊቱ ላይ ያለውን ቆሻሻ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላል። ሊበስል ሲል ለብ ባለ ውሃ ማጠብና ወዲያው መጠቀም ይሻላል። የተሰነጠቀውን አትግዙ። ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት የሚንሳፈፈው የቆየ ነው፤ የሰመጠው ግን ትኩስ ነው እንጂ ከሳልሞኔላ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ጥሬ እንቁላል የነካ እጅና ሳህን በሳሙና ይታጠብ። በቤት የሚሠራ ማዮኔዝና ልጆች የሚልሱት የኬክ ሊጥም ጥሬ እንቁላል መሆኑ አይዘንጋ።

ረመዳን ላይ ለሱሑር የተቀቀለ እንቁላል ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ረሃብን ያዘገያል። ከምሽት ቀቅላችሁ የምታሳድሩት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። ፍሪጅ ከሌለ ለሱሑር ስትነሡ መቀቀል ነው።

አሁን ወደ እህታችን ልጅ እንመለስ። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ሕፃን እንቁላል እጅግ ጠቃሚ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ ሆኖ ተገኝቷል። በ2017 ከኤኳዶር የወጣ ጥናት ለስድስት ወራት በቀን አንድ እንቁላል ያገኙ ሕፃናት በቁመት መቀጨጭ የመጋለጥ ዕድላቸው በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። በማላዊ የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ግን ያን ያህል ለውጥ አላገኘም፤ ስለዚህ እንቁላል ብቻውን ሁሉን ይፈታል አንልም። የልጁ አያት ግን እንቁላል ይስጠው ማለታቸው ትክክል ነው። የሳቱት አሠራሩን ብቻ ነው።

እህቴ ሆይ፣ እንቁላሉን በደንብ ቀቅለሽ በሹካ አልሚው፤ በፈላ ወተት ወይም በገንፎው አለስልሰሽ በማንኪያ ስጪው። መጀመሪያ በትንሹ ጀምሪ፤ ሽፍታ፣ የከንፈር ማበጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ካየሽ እንቁላሉን አቁመሽ ወደ ሐኪም ውሰጂው። ለሳሉ ማር ልስጠው ካልሽ እርሱ ዓመት ስላለፈው ይችላል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ጥሬውን ከጠጣ ወዲህ ባሉት ቀናት ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከጀመረው ኦ.አር.ኤስ እየሰጠሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ አድርሺው፤ ለባለሙያዋም ጥሬ እንቁላል እንደጠጣ ንገሪያት።