አንድ ቀን በወፍ ዋሻ ደን

ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጉም ይቀበለዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራውን መንገድ አልፎ ብቅ ሲል ግን አገሩ ይለወጥበታል፤ ከበስተኋላው የዘነበው ዝናብ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፥ ከፊቱ የዘነበው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከሥር ደብረ ሲና በቁልቁለቱ ላይ ተለጥፋ ትታያለች፤ ከእርስዋም ወዲያ የይፋት ቆላ ነው።

እኛ የመጣነው ገደሉን ይዞ ወደ አንኮበር አቅጣጫ የሚዘልቀውን የወፍ ዋሻን ደን ለማየት ነበር። መንገዱ የእግር ነው። የከተማ ጫማ የተጫማው ጓደኛችን ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሣቃችንም የቆየው እኛ እስክንወድቅ ድረስ ብቻ ነው።

ከታች ዝግባው፥ ጥዱና ወይራው፥ ከፍ ሲሉ ኮሶው፥ ከዚያም በላይ አስታው ይከተላል። ኮሶው ወንድና ሴት አለው፤ ያያቶቻችን የጥሬ ሥጋ ፍቅር የሚያስከትለውን ትል ያባርር የነበረው የሴቲቱ አበባ ነው። በገደሉ አፋፍ በአገራችን ብቻ የሚኖረው ጭላዳ ሣር ይነጫል። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተገለጸችውና በአንኮበር ስም የተጠራችው ትንሽ ወፍም የዚሁ አፋፍ ነዋሪ ናት። በ15ኛው መቶ ዓመት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በመናገሻ ያስተከሉት ጥድ ከዚህ ደን የተወሰደ ነው ይባላል። እንግዲህ ይህ ደን ለሌላው ዘር የሰጠ ነው።

ዛሬ ግን በየመንገዱ ጉቶ አየን። አንዱን ሦስት ሆነን ብንከበው እጃችን አልገናኝ አለ።

ከጓደኞቻችን አንዱ፥ የመሥሪያ ቤት ሰው ነውና፥ «ጥበቃው ይጠንክር!» አለ።

የሚመሩን ሽማግሌ ዘወር ብለው፥ «ልጄ፥ የጠባቂውስ ሚስት በምን ታበስላለች?» አሉት።

ጓደኛችን ዝም አለ። እኛም ብንሆን መልሱ ቀላል አልመሰለንም። ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በደጁ የሚቆርጠው ባሕር ዛፍ ያለው ገበሬ ወደ ጥዱ የሚሄድበት ምክንያት ያንሳል። የችግኙን ነገር ሳያነሡ ስለ ቅጣቱ ብቻ ደብዳቤ መጻፍ የግማሽ ሥራ ነው። ጥዱ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና ዛሬ የተቆረጠውን የሚተካውን የምናየው እኛ አይደለንም።

ስንመለስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከታች በዝግባዎቹ በኩል የምሳር ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ቆመው አዳመጡና «ደረቅ ነው» አሉ፥ በድምፁ ለይተው። ጥቂት እልፍ እንዳልን ግን «እናንተ ውረዱ ልጆቼ» ብለውን ምሳሩ ወደሚሰማበት ሄዱ።