ተሳቢ ሲገፋ፡ የኤሌክትሪክ ፍሬን አሠራር

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም በዙሪያዋ ባለው የዲከረንስ ተክልና ከእርሱ በሚመረተው ከሰል ትታወቃለች። የአዊ ምድር ደግሞ የፈረስ አገር ነው። ጭነት የያዘ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ የሚያደርገውን ያስተዋለ አንባቢ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ፈረሱ መጎተቱን ትቶ ወደ ኋላው ይደገፋል፣ ጋሪው እየገፋው ነውና። ጠቅላላ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም የሆነ ጋሪ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ 490 ኒውተን በሚሆን ኃይል ይገፋል። ይህም 50 ኪሎ ግራም ተሸክሞ የመቆም ያህል ነው።

እንግዲህ ፈረሱን በፒክአፕ፣ ጋሪውን ባለሁለት ጎማ ትንሽ ተሳቢ እንተካው። 1500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህንኑ 500 ኪሎ ግራም ስታስከትል የፍሬኗ ኃይል አይጨምርም፤ ለመቆም የሚያስፈልጋት ርቀት ግን በሲሶ ይረዝማል። መታጠፊያ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ተሳቢው የመኪናዋን ኋላ ወደ ጎን ገፍቶ ከመንገድ ሊያስወጣት ይችላል።

ስለዚህ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል። የመኪናዋን የፍሬን ዘይት መስመር እስከ ተሳቢው መቀጠል አስቸጋሪም አደገኛም ነው፤ ሽቦ መዘርጋት ግን ቀላል ነው። በተሳቢው ታምቡር ውስጥ ኤሌክትሮማግኔት ይቀመጣል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ከመኪናዋ ባትሪ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ማግኔቱን ከሚሽከረከረው የታምቡር ገጽ ጋር ያጣብቀዋል። ታምቡሩ ሲዞር ማግኔቱን ጥቂት ይዞት ይሄዳል፤ ማግኔቱም የተያያዘበትን ማንሻ ይገፋል፤ ማንሻው የፍሬን ሸራዎቹን ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ያፋትጋቸዋል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ዋናውን ጉልበት የሚሰጠው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን የራሱ የጎማው መሽከርከር ነው። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ያስጀምራል፣ መጠኑንም ይወስናል።

በመሆኑም ለአንድ ጎማ በ12 ቮልት 3 አምፔር ገደማ ይበቃል። ለሁለቱ 72 ዋት መሆኑ ነው፤ ሁለት የፊት መብራት አምፖሎች ከዚህ የበለጠ ይወስዳሉ። ሆኖም ሽቦው ከቀጠነ ወይም መጋጠሚያው ከዛገ፣ 0.2 ኦም ተቃውሞ ብቻ ማግኔቶቹ የሚያገኙትን ቮልት ወደ 10.9 ያወርደዋል። በጋራዥ ሲገጠም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ይመስለናል።

ቀላል ተሳቢ ላይ ከፍሬን ማነስ ይልቅ መብዛቱ ያስቸግራል። ለ500 ኪሎ ግራም የተስተካከለው ኃይል ጭነቱ ተራግፎ 150 ኪሎ ግራም ለቀረው ተሳቢ ከልክ በላይ ነው፤ ጎማው ከመዞር ተገትቶ መሬቱን እየፋቀ ይንሸራተታል። በሾፌሩ አጠገብ የሚገጠመው መቆጣጠሪያ የመኪናዋን ፍጥነት መቀነስ እየለካ ኤሌክትሪኩን ይመጥናል፤ ሾፌሩም እንደ ጭነቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ረጅም ቁልቁለት ሌላ ጣጣ አለው። ከአዲስ ቅዳም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ተሳቢያችን በ1000 ሜትር ብቻ 4.9 ሚሊዮን ጁል ያስረክባል፤ ይህ 14 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ከወደቀ ሸራው ይግላል፣ የመያዝ አቅሙም ይዳከማል። በዝቅተኛ ማርሽ ወርዶ ሞተሩ ድርሻውን እንዲሸከም ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቁልቁለት ላይ ለቆመ ተሳቢስ? ጎማው ካልዞረ ማግኔቱን የሚጎትተው የለምና ፍሬኑ አጥብቆ አይዝም። ባለጋሪዎቹ እንደሚያደርጉት ከጎማው ሥር ድንጋይ ማስገባት ነው።