ስለ ፒክአፕ መኪና ባሌስትራና ስለ አየር መሳቢያው

ወደ አፋር በረሃ ለመውረድ የሚሰናዳ ባለ መኪና ዘወትር የሚጠይቀን ፒክአፑ ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ነው፤ አስቀድሞ ሊነግረን የሚገባው ግን ዕለት ዕለት የሚሸከመውን ጭነት ነበር። ሃይሉክስ ከኋላ በባሌስትራ የሚቆም ስለ ሆነ፥ ለከባድ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ በባዶ መኪና ላይ ቢታሰር፥ ጎማው ኮረኮንቹን መከተል ትቶ እየነጠረ መሬት ይለቃል። ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያለው ከፍታ፥ ሾክ አብዞርበሩ በዚያው ልክ ከተለወጠና የጎማው አላይመንት እንደ ገና ከተስተካከለ፥ በእኔ ፍርድ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ የፊት ጎማዎችን የሚያዞሩት ዘንጎች ከሥርዓታቸው ወጥተው በጠማማ ማዕዘን ይሠራሉና፥ የላስቲክ መሸፈኛቸው ተቀዶ ግራሶው ይፈሳል።

ስኖርክል የተባለውን አየር መሳቢያ ብዙዎች ለወንዝ መሻገሪያ ብቻ የተበጀ አድርገው ያዩታል፤ በበረሃ ግን ዋናው ጥቅሙ፥ የፊት ጎማ ከሚያስነሣው ትቢያ በላይ፥ ከጣሪያው ትክክል፥ የጠራ አየር መሳቡ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃይሉክስ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ እንዲሻገር ፋብሪካው ወስኖለታል፤ ስኖርክል መግጠም ብቻውን ይህን አኃዝ አይጨምርም፥ የኤሌክትሪኩ ክፍሎችና የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በነበሩበት ናቸውና። ውሃ በባሕርዩ የማይታመቅ ስለ ሆነ፥ በአንዲት ልል ማሰሪያ ሾልኮ ወደ ሲሊንደር የገባ እንደ ሆነ ቢየላውን ያጣምማል። ስለዚህ ከተገጠመ በኋላ፥ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የስኖርክሉን አፍ ለአፍታ አጥብቃችሁ ክደኑ፤ ካልጠፋ ከሌላ ስፍራ አየር እየሳበ ነውና፥ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መርምሩ።