የቡና ገለባ ለቡና ማድረቂያ

ቡና ከዛፉ ተለቅሞ ለገበያ እስኪደርስ ከሚያልፍባቸው ሥራዎች ሁሉ ነጋዴውን ይበልጥ የሚያሳስበው ማድረቁ ነው። ከእሸቱ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ይህም ውሃ በወቅቱ ካልወጣለት ፍሬው ይሻግታል፣ ጣዕሙ ይለወጣል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የጥራት ውሳኔ፣ ለውጭ ገበያ የሚላክ ጥሬ ቡና እርጥበቱ ከመቶ ከ8 እንዳያንስ፣ ከ12.5ም እንዳይበልጥ ያሳሰበው በዚሁ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ጥንታዊውና ርካሹ ማድረቂያ ፀሐይ ነው። ጀንፈሉም ሆነ የታጠበው ቡና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ቀን እየተገላበጠ፣ ሌሊትና በዝናብ ጊዜ እየተሸፈነ ይደርቃል። ሰማይ ሲጠራ ይህን የመሰለ ዘዴ የለም። ነገር ግን በጅማ፣ በከፋና በኢሉ አባ ቦር በኩል ዝናቡ በአንዳንድ ዓመት ከለቀማው ወራት ጋር ይገጥማል። አልጋው ሞልቶ ሳለ ሦስትና አራት ቀን ደመና የዋለ እንደ ሆነ፣ አዲስ የሚመጣው እሸት ማረፊያ ያጣል፤ በአልጋው ላይ ያለውም ታፍኖ ይበላሻል። ገበሬው የዓመት ድካሙን፣ ነጋዴውም ተበድሮ ያወጣውን ገንዘብ የሚያጣው በዚያን ጊዜ ነው።

በዚሁ አገር ደግሞ በየመፈልፈያው መኪና ደጃፍ የገለባ ክምር ይታያል። ጀንፈል ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል፤ ይኸውም አንድ ኩንታል ንጹሕ ቡና በተገኘ ቁጥር አንድ ኩንታል ያህል ገለባ ይጣላል ማለት ነው። ክምሩ ቦታ ይይዛል፣ ይሸታል፣ ዝናብ ሲያጥበውም ወንዙን ያበላሻል። ሆኖም በደንብ የደረቀ ገለባ በኪሎ ሲመዘን የሚሰጠው ሙቀት ከደረቅ የማገዶ እንጨት ብዙም አያንስም። ስለዚህ ነጋዴው የሚጥለው ነገር ቡናውን ከዝናብ የሚያድንለት እሳት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሐሳብ በሌላ አገር የተፈተነ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጓቲማላ የቡና እርሻ የነበረው ሆሴ ጓርዲዮላ የሠራው፣ ቡናውን በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ እያገላበጠ በሞቀ አየር የሚያደርቅ መኪና እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በኮስታ ሪካም የቡና ማዘጋጃ ቤቶች ከታጠበው ቡና ላይ የሚወጣውን ስስ ቅርፊት በማድረቂያው ምድጃ ያነዱታል። በዚህም ለማገዶ ይቆረጥ ከነበረው እንጨት የተወሰነው ይተርፋል።

እሳቱ ግን ፀሐይን ይረዳል እንጂ አይተካም። ሒሳቡ ይህን ያሳያል፦ ከመቶ 50 ውሃ ያለው 100 ኪሎ የታጠበ ቡና በእሳት ብቻ ወደ 12 ከመቶ እንዲደርስ ከተፈለገ 43 ኪሎ ያህል ውሃ መትነን አለበት። ፀሐዩ አስቀድሞ እርጥበቱን ወደ 30 ከመቶ ካወረደው ግን ለእሳት የሚቀረው 15 ኪሎ የማይሞላ ውሃ ነው። የመጨረሻው እርጥበት ለመውጣት ትዕግሥት ቢጠይቅም፣ የሚፈለገው ማገዶ እጅግ ይቀንሳል፤ አልጋውም ቶሎ ተለቆ ተከታዩን ቡና ይቀበላል።

ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳለማየት እንዳይሆን፣ ጥንቃቄ የሚያሻቸው አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጢሱ ቡናውን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ ጢስ የሸተተ ቡና ገዢ አያገኝምና። እሳቱ የብረት ቧንቧ ያሞቃል፤ በማራገቢያ የሚነፋው ንጹሕ አየር በቧንቧው ውጭ አልፎ ሞቆ ወደ ቡናው ይደርሳል። ሁለተኛ፣ የታጠበው ቡና ራሱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ እንዳያልፍ በቴርሞሜትር መጠበቅ አለበት፤ ሙቀት የበዛበት ቡና ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ገለባው ቀላል ስለ ሆነ ቶሎ ይነዳል፤ አመዱም ፖታሲየም የበዛበት በመሆኑ በኃይለኛ እሳት ቀልጦ የምድጃውን ፍርግርግ ይደፍናል። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት መጨመርና አመዱን ቶሎ ቶሎ መጥረግ ይገባል። የተጠረገውም አመድ ለማሳ ይጠቅማል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጊዜና የቦታ ነገር ነው። ቡናው እርጥብ ሆኖ እሳት በሚፈልግበት ሰዓት የዘንድሮው ገለባ ገና አልተፈለፈለም፤ ስለዚህ የአምናው ገለባ በጣራ ሥር ደርቆ መቀመጥ አለበት። የታጠበው ቡና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከነቅርፊቱ ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ እዚያ ስለሚፈለፈል፣ ቅርፊቱ ከማጠቢያው ቦታ ርቆ ይቀራል። በቡናው አገር ሳይርቅ የሚገኘው የጀንፈሉ ገለባ ነው፤ ይህም ብዙ ቦታ የሚይዝ ቀላል ዕቃ በመሆኑ የማመላለሻው ኪራይ ትርፉን እንዳይበላው፣ ማድረቂያው በመፈልፈያው አጠገብ ቢቆም ይሻላል።

ምድጃው፣ ማራገቢያውና የሚሽከረከረው በርሜል ለአንድ መለስተኛ ነጋዴ ከባድ ወጪ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ መፈልፈያ ባለቤትና ለእርሱ ቡና የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ወይም ማኅበራት ወጪውን ቢካፈሉት፣ በዝናብ ሊበላሽ የነበረ ቡና በጥራቱ ተሽጦ ድርሻቸውን ሊመልስላቸው ይችላል። ለዚህም የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የዘንድሮውን ገለባ ሳይጥሉ በደረቅ መጋዘን ማኖር ነው።